ፌዴራሉ ቢጠይቅሽ

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ መንገዳችን ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ሲተላለፍ አንዱ ጥግ መያዝ አለበት። በመሀሉ ግን ድንበር ያልፋል። በግራ በኩል ያለው ሕንፃ ታኮማ ፓርክ ነው፤ ከንቲባ አለው፣ ምክር ቤት አለው፣ የራሱ ፖሊስ አለው። በቀኝ በኩል ያለው የኛ ሕንፃ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ሐበሻ ተሸክሞ፣ በሕግ ከተማ እንኳ አይደለም። ከንቲባ የለውም፤ የምንተዳደረው በካውንቲው፣ እንደ ወረዳ ባለው፣ ነው። እኔ ጀላልዲን የካውንቲውን አውቶቡስ ስነዳ ዓመታት አልፈው ይህን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ልብ ያስባለኝ የዓለምዘርፍ ናት።

የዓለምዘርፍ ከመንገዱ ማዶ፣ ታኮማ ፓርክ በኩል የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ጉለሌ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዊተን አንድ ድራይ ክሊነር ውስጥ የፈረንጅ ሱሪ ታሳጥራለች። በዲቪ ብቻዋን የመጣችው በፈረንጆቹ 2007 ነው። የተዋወቅነው አውቶቡሴ ላይ ነው። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበችና፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ “ወሎ ነህ፣ አይደል?” አለችኝ። “ከምኔ አወቅሽ?” ስላት “ከአነዳድህ፤ አትቸኩልም” ብላ ከጎኔ ባለው የፊት ወንበር ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወንበር የሷ ሆነ። ባለቤቴ ሸፊቃም ወደደቻት፤ የቤታችን መጋረጃ በሙሉ የሷ እጅ ነው።

ታሪኳን ከመቀጠሌ በፊት ስለ አንድ ቃል ላውራ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ “ፌዴራል” ሲባል ሕገ መንግሥት ትዝ የሚለው ስንቱ ነው? ፌዴራል ማለት ያ ዥንጉርጉር ለብሶ፣ ዱላ ይዞ ከመኪና የሚዘለው ነው። “ፌዴራል መጣ” ከተባለ ሱቅ ይዘጋል፣ ልጅ ወደ ቤት ይጠራል። ለመንግሥት ያለን ቃልም እንደዚሁ አንድ ነው። ቀበሌውም፣ ክፍለ ከተማውም፣ ላይኛው ቤትም ለኛ ያው መንግሥት ነው፤ ታች ያለውን ካስቀየምከው ላይ ያለው ይሰማል፣ ላይ ያለው ከተቆጣ ታች ያለው በርህን ያንኳኳል። ክልልና ፌዴራል እያልን በወረቀት ብንከፍለውም በልባችን አልከፈልነውም።

የዓለምዘርፍ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ መርጣለች። ታናሽ ወንድሟ በፈቃዱም መርጧል። ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ፌዴራል ሰፈራቸው ገብቶ ወጣቱን ሲያፍስ በፈቃዱን ከአልጋው ላይ ወሰዱት። ከወር በላይ ቆይቶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ ተመለሰ። የት እንደነበረ አልተናገረም፤ ጥቂት ሰንብቶም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደደ። እናታቸው እማማ በለጥሻቸው ልጁ በተወሰደ ቀን ያደረጉትን የዓለምዘርፍ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይለወጣል። በቤቱ ያለውን የምርጫ ካርድ ሁሉ ሰብስበው የከሰል ምድጃ ላይ ጣሉትና፣ “ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ማንም ማንንም አይመርጥም” አሉ። የተናገሩትን የማያጥፉ ሴት ናቸው።

ወንድ ልጃቸው ከሄደ፣ ሴቷም ዲቪ ደርሷት ከመጣች በኋላ እማማ በለጥሻቸው ጉለሌ ብቻቸውን ቀሩ። ዓይናቸውም መድከም ጀመረ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፤ ለእናት ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የዓለምዘርፍ ሌላ ምኞት አልነበራትም። አምስት ዓመት ሞልቶ ዜጋ መሆን፣ ከዚያ እናቷን ማምጣት። ሱሪውንም የምታሳጥረው፣ እንግሊዝኛውንም የምትማረው ለዚያ ነበር።

በ2009 መከር ላይ አንድ ማታ እየሮጠች መንገዱን ተሻግራ መጣች።

“ጀላል፣ ሰዎች በሬን አንኳኩ። ምረጪን ይላሉ።”

“እና ዜጋ አይደለሁም አትያቸውም?”

“አልኳቸው! ግድ የለም፣ እዚህ ከተማ ዜጋ ያልሆነም ይመርጣል አሉኝ። ወጥመድ ይሆን እንዴ?”

ሳቅሁባት። በማግሥቱ ግን አብሬያት የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እውነት ነው። ታኮማ ፓርክ ለከንቲባውና ለምክር ቤቱ ምርጫ ነዋሪ ሁሉ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ዜጋ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። አገረ ገዢውን፣ ኮንግረሱን፣ ፕሬዚዳንቱን መምረጥ ግን አይቻልም፤ እሱ እንደ ክልል ያለው የስቴቱና የፌዴራሉ ጉዳይ ነው። እኔ ዜጋ ነኝ፤ ፕሬዚዳንት መርጫለሁ። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ስለሆንኩ ለዚህች ከተማ ከንቲባ ድምፅ የለኝም። እሷ ዜጋ ሳትሆን አላት። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

“ይኼማ ቀበሌ ነው” አለች የዓለምዘርፍ ነገሩ ሲገባት። ከዚያ ወዲያ ታኮማ ፓርክ የሚለው ስም ከአፏ ጠፋ። የከተማው ጽሕፈት ቤት ቀበሌ ሆነ፤ የምክር ቤቱ አባልም የቀበሌው ሰውዬ።

የምርጫው ቀን ከሥራ ስትወጣ ወሰድኳት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ በሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። “ፌዴራል የለም?” አለችኝ። በሩ ላይ የቆሙት ሹራብ የለበሱ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ብቻ ነበሩ፤ ለሚገባው ሁሉ ፈገግ ይላሉ። ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች።

“አለቀ?”

“አለቀ። ማንም አልተከተለኝም” አለችና እንባዋ መጣ። መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

ከዚያ ያ ትልቁ በረዶ ወረደ። የ2010ሩን የካቲት እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። የታኮማ ፓርክ የበረዶ መጥረጊያ መኪና በነሱ በኩል ካለው መንገድ እየገፋ መጣና ልክ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያለው የካውንቲው ድርሻ ነው፤ ዋናው አውራ ጎዳና ደግሞ የስቴቱ። እያንዳንዱ የራሱን ይጠርጋል። የዓለምዘርፍ መስኮቷን ከፍታ፣ “አየህ? የኔ ቀበሌ ለኔ ጠረገልኝ! አንተ ካውንቲህን ጠብቅ!” እያለች ጮኸችብኝ። አካፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ሸፊቃ በሳቅ ሞተች።

ቀበሌዋ ግን ሁሉን እንደማይችል የተማረችውም ያኔውኑ ነው። አውቶቡስ የምትጠብቅበት አውራ ጎዳና ላይ እግረኛ የሚያሻግር መብራት እንዲቆምላት የቀበሌውን ሰውዬ ጠየቀችው። ሰውየውም፣ “መንገዱ የስቴት ነው፤ እኔ ልጽፍላቸው እችላለሁ እንጂ አላዝበትም” አላት። “በራሱ ሰፈር?” እያለች ለሳምንት ተነጫነጨች። ቢሆንም በ2011 እንደገና መረጠችው። “መጻፉን ጽፏል” አለች።

በ2012 ጊዜዋ ሲደርስ የዜግነቱን ማመልከቻ ለማስሞላት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ጋሽ ንጉሡ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ንጉሡ ጠበቃ አይደሉም፤ ግን ከአንድ የሐበሻ ገበያ ጀርባ ቢሮ አላቸው፤ የብዙ ሰው ወረቀት በእጃቸው አልፏል። አሌክሳንድሪያ ነኝ ይበሉ እንጂ ቢሮአቸው በአድራሻ ብቻ ነው አሌክሳንድሪያ፤ በሕግ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ የመኪናቸው ታክስ እንኳ የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚህ በጣም ይናደዳሉ። እንግሊዝኛውን እያነበቡ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ የተመለሰላቸውን ምልክት ያደርጋሉ።

“ታስረሽ ታውቂያለሽ?”

“ኧረ አላውቅም።”

“አሜሪካ ውስጥ መንግሥት መርጠሽ ታውቂያለሽ?”

“ኧረ ጋሼ! እኔ ምን አግብቶኝ መንግሥት እመርጣለሁ!”

“ጎበዝ” አሉና “ኖ” የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። አጠገቧ ነበርኩ፤ በዚያ አማርኛ ብጠየቅ እኔም እንደሷ ነበር የምመልሰው። እሷ የመረጠችው ቀበሌ ነው። መንግሥት ሌላ ነው። ፈረመች፣ ፖስታ ቤት ገባ።

ለቃለ መጠይቁ የሚጠናው ጥያቄ መቶ ነው። አውቶቡሱ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲያርፍ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች።

“ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል መንግሥት ብቻ ከሰጠው ሥልጣን አንዱን ጥቀሺ።”

“ገንዘብ ማተም። ጦርነት ማወጅ።”

“ለስቴቶችስ?”

“ትምህርት ቤት። ፖሊስ። መንጃ ፈቃድ።” ወደኔ ዞረች። “ቀበሌውስ? የቀበሌው ሥልጣን የት ተጻፈ?”

“እዚህ የለም። ቀበሌው ስቴቱ የፈቀደለትን ነው የሚሠራው።”

“እና እኔ እንድመርጥ የፈቀደው ሜሪላንድ ነው በለኛ። ቨርጂኒያ ብኖር ኖሮስ?”

“ቨርጂኒያማ አይሞከርም።”

ተገርማ ሳቀች። ቀጥላም፣ ያስገባችውን ማመልከቻ ቅጂ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከሱም ላይ እንደሚጠይቁ ተነግሯታል። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች ስታነብ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

“ጀላል፣ ‘ሎካል’ ምንድን ነው?”

“ሎካል… የሰፈር። እንደ ቀበሌ ያለ።”

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ቅጂውን ሰጠችኝ። ጥያቄው “በማንኛውም የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የሎካል ምርጫ ድምፅ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?” ነው የሚለው። ጋሽ ንጉሡ ሦስቱን ጠቅልለው “መንግሥት” ብለዋታል። አማርኛው ጠቀለለባቸው ማለት ይሻላል። በመሐላ ስር “ኖ” ብላ ፈርማለች።

እዚያው ሆነን ለጋሽ ንጉሡ ኮል አደረግንላቸው። ጥያቄውን አነበብንላቸው።

“ልጄ፣ ስሚኝ” አሉ። “እነዚህ ሰዎች አይገናኙም። ፌዴራሉ ሌላ፣ የአንቺ ቀበሌ ሌላ። መምረጥሽን ማን ይነግረዋል? ዝም ብለሽ ‘ኖ’ በይና ውጪ። ‘መርጫለሁ’ ካልሽ ግን ዜጋ ሳይሆን የመረጠን ሰው ከአገር ሲያስወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።”

“የኔ ግን የተፈቀደ ነው እኮ፣ ጋሼ።”

“የፈቀደልሽ ፌዴራሉ ነው እንዴ? የፈቀደልሽ ሌላ፣ የሚጠይቅሽ ሌላ!”

ተናደድኩባቸው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ስነጫነጭ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ የተናደድኩት ስለተሳሳቱ አይመስለኝም። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ፈርተውላት ነው። እኔም ፈርቻለሁ። አንድ መንግሥት የፈቀደልህን ሌላው መንግሥት ካላወቀው ተፈቅዶልሃል ይባላል? ዜጋ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ደጄ አልመጣም። አንድ ቦታ የተሰጠህን ሌላ ቦታ ሊነጥቁህ እንደሚችሉ የሚያውቀው መሀል ላይ የቆመ ሰው ነው።

“ልብስ የሚተረተረው ስፌቱ ላይ ነው” አለች የዓለምዘርፍ ለራሷ ይመስል። “ጨርቁ ምንም አይሆንም። ሁለቱ የተገናኙበት ላይ ነው የሚለቀው።”

የቃለ መጠይቁ ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አጣች። እማማ በለጥሻቸው በየሳምንቱ ይደውላሉ። ልጃቸውን በድምፅዋ እንጂ በፎቶ መለየት አቅቷቸዋል። “መቼ ነው የምትወስጂኝ?” ይሏታል፤ “ደርሷል እማዬ” ትላለች። ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። ሸፊቃ አንድ ማታ ጠጋ ብላ፣ “በዚህ ሁኔታ ዝም ብትይ አላህም የሚታዘብሽ አይመስለኝም” አለቻት። 

ባልቲሞር፣ ቃለ መጠይቁ ወደሚደረግበት ቢሮ ያደረስኳት እኔ ነኝ።  መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳጠፋ ነው የተናገረችው።

“ጀላል፣ እውነቱን ልነግረው ነው።”

“እናትሽስ?”

“እናቴን ሳስብ ነው የወሰንኩት። እዚያ መምረጥ ጥፋት ነበር፤ ይሁን። እዚህ የመረጥኩት ጥፋት አይደለም። ጥፋት ያልሆነውን ከደበቅሁ፣ እማዬ ካርዱን ያቃጠለችበት ከሰል እዚህም ድረስ ተከትሎኛል ማለት ነው። እሷንም አምጥቼ እዚያው ፍርሃት ውስጥ ላስቀምጣት ነው?” ነጠላዋን አስተካከለች። “ብባረርም ሄጄ አብሬያት እቀመጣለሁ።”

ገባች። እኔ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የማላነበውን መጽሔት ገለጥኩ። ውስጥ የሆነውን በኋላ ደጋግማ ነግራኛለች።

ጠያቂው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሣ ወፍራም ሰው ነው። አንብቢ አላት፣ አነበበች። ጻፊ አላት፣ ጻፈች። የስቴቶችን አንድ ሥልጣን ጠየቃት፤ “ስኩል” አለች። ከዚያ ማመልከቻውን ተራ በተራ እያነበበ ምርጫው ላይ ደረሰ።

“እዚያ ላይ ‘ኖ’ ይላል” አለችው። “ስህተት ነው። የስ። መርጫለሁ። ሁለት ጊዜ።”

ሰውየው እጁን ከኮምፒውተሩ አነሣ። “ዜጋ ሳትሆኚ መርጠሻል?”

“ታኮማ ፓርክ። ቀበሌ ብቻ።”

“ቀበሌ ምንድን ነው?”

እንግሊዝኛው ጠፋባት። “ትንሽ መንግሥት” አለችው። “ስኖው። ላይብረሪ። ኖት ፕሬዚደንት።”

“ማነው የፈቀደልሽ?”

“ቀበሌው ራሱ።”

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። “እዚህ ስሠራ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው” አለና ፋይሏን ይዞ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች።  ዥንጉርጉር የለበሰ ሰው በሩን ከፍቶ የሚገባ መሰላት፤ በፈቃዱ ከአልጋው ሲጎተት ጫማ እንኳ እንዳላደረገ ትዝ አላት።

ከበሩ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ተነሣሁ።

“ከለከለሽ?”

“አልከለከለኝም።”

“ሰጠሽ?”

“አልሰጠኝም።” ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ጎተተችኝ። መኪናው ጋ ስንደርስ ዞር አለች። “ጀላል፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አለኝ።”

“ምን?”

“ከቀበሌሽ ደብዳቤ አምጪ! እንድመርጥ የተፈቀደልኝ መሆኑን የሚገልጽ!”

በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ቆመን ሳቅን። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ሳይባል ያደገ አዲስ አበቤ የት አለ? ለመብራት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቀብር እንኳ። ውቅያኖስ ተሻግረን፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ፊት ቀርበን፣ ያው ቃል! እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ የሷ እንባ ግን ከሳቁ በኋላም አልቆመም። ደረቴ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ አለቀሰች።

በማግሥቱ “ቀበሌ” ሄድን። የከተማዋ ጸሐፊ ጉዳዩን ሰምተው፣ “በደስታ” አሉና ደብዳቤውን ጻፉ። ይህች ሴት የከተማችን ነዋሪ ናት፤ ድምፅ የሰጠችው በከተማው ምርጫ ብቻ ነው፤ የከተማችን ሕግ ይህን ይፈቅድላታል፣ ይላል። የዓለምዘርፍ ተቀብላ ገለባበጠችው፤ ደስ ግን አላላትም።

“ማህተም የለውም” አለችኝ በሹክሹክታ።

“እዚህ ፊርማ ይበቃል።”

“ፌዴራል ያለ ማህተም ይቀበላል? ንገራቸው።”

አፍሬ ተናገርኩላት። ሴትየዋ ሳቅ ብለው ከመሳቢያ የከተማውን ማህተም አወጡና፣ ወረቀቱን አስገብተው ጫን አደረጉት። የዓለምዘርፍ በጣቷ ዳሰሰችው። ያን ጊዜ ነው ያመነችው፤ ደብዳቤውን ወደ ባልቲሞር ላክነው።

ክረምቱ በሙሉ በጥበቃ አለፈ። ይህን ጊዜ በቀላሉ አላወራውም፤ ሴቲቱ ከሳች። ጋሽ ንጉሡ እየደወሉ፣ “ነግሬሽ ነበር” ሳይሆን፣ “ምን ሰማሽ?” ይሏት ነበር፤ በዚህ አከበርኳቸው። መከር ሲገባ መልሱ መጣ። ተቀብለዋታል፤ ዜጋ ሆነች። ቀበሌው ለፌዴራሉ ጻፈ፣ ፌዴራሉም ሰማው። ማን ከማን በላይ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባኝ፣ ሁለቱን ያገናኘችው አንዲት የጉለሌ ልብስ ሰፊ መሆኗ ነው።

እማማ በለጥሻቸው የመጡት በ2014 ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ልጃቸውን ያወቋት ፊቷን በእጃቸው ዳስሰው ነው። አንደኛው ዓይናቸው እዚህ በኦፕሬሽን ተሻለ። ቀን ቀን ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ወደ መናፈሻው ይወጣሉ፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ መሀሉ ላይ የሚያርፉበት ግን የለም። በየቀኑ፣ “እዚህ ላይ አግዳሚ ወንበር ቢኖር ማንን ይገድላል?” ይላሉ።

በ2015 ደግሞ የቀበሌው ሰዎች መጡና በሩን አንኳኩ።

“ማናቸው?” አሉ እማማ።

“ለምርጫ ነው፣ እማዬ። አንቺም ትችያለሽ።”

“የለችም በያቸው” አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ያንን ሁሉ ዓመት ቃላቸውን አላጠፉም ነበር። የዓለምዘርፍ አልጨቀጨቀቻቸውም። ሰዎቹን ስትሸኝ ግን፣ ድምፅዋን ጮክ አድርጋ በአማርኛ፣ “ስለ ወንበሩ የሚወስነው ይኼ የቀበሌ ሰውዬ ነው” አለች።  ከጥቂት ቀን በኋላ እማማ ራሳቸው፣ “ያ የወንበሩ ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?” ብለው ጠየቋት።

የምርጫው ቀን ሁለቱንም የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁንም ከመንገዱ ማዶ ስለሆንኩ ሾፌር እንጂ መራጭ አይደለሁም። በሩ ፊት አቆምኩ። እማማ አልወረዱም። እጃቸው የመኪናው በር መያዣ ላይ ነው።

“ፌዴራሉ ይኼን ያውቃል?” አሉ።

“አያውቅም፣ እማዬ። አንድ ቀን ግን አንቺም ዜጋ ልትሆኚ ስትሄጂ ይጠይቅሻል። መርጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ይልሻል።”

“ያኔ ምን እለዋለሁ?”

“‘የስ’ ትይዋለሽ።”

“ቢቆጣስ?”

“ቢቆጣ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ይልሻል። ደብዳቤ የሚጽፍ ቀበሌ አለን።”

እማማ በለጥሻቸው ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። “ጀላልዲን፣ እውነቷን ነው?” አሉኝ።

“እውነቷን ነው፣ እማማ። ደብዳቤውን ይዛ ስትወጣ አብሬያት ነበርኩ።”

ወረዱ። በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሲወጡ ወደ ኋላቸው አልዞሩም። መኪና ውስጥ ገብተው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ኋላ ጆሮዬን ስሰጥ ያችን ልጃቸው የነገረቻቸውን ቃል እየተለማመዱ ነው፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ጠንከር አድርገው።

ሕንፃው ደጃፍ ላይ ሳወርዳቸው ወደ ውስጥ አልገቡም። ድንበሩ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ፌዴራሉ ፊት ለፊታቸው ቆሞ የጠየቃቸው ይመስል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “የስ!” አሉት።